የእንሽላሊቱ ቁስል

የወንድሜ ልጅ እንሽላሊት ታሳድጋለች ስል ሰው ይስቃል። ይሳቅ። ሰው አሳድጎ የተሰደበ ስንት አለ። እሷ በመስታወት ሣጥን የምታኖረው እንሽላሊት አንገቱን ነፍቶ ሲቀመጥ የቢሮ ኃላፊ ስለሚመስል «ሹሙ» ብለነዋል።

ብርዱ ሲገባ ሹሙ መብላት ተወ። ልጅቷ ልብስ ሰፊ ናት፤ የጀመረችውን ቀሚስ ጥላ የኤሌክትሪክ ዕቃ መደብር ሮጠች። በኤሌክትሪክ የሚሞቅ ድንጋይ አንስታ ልትገዛ ስትል፣ እዚያ የሚሠራው ረጅሙ ኤሌክትሪሺያን ለምን እንደሆነ ጠየቃት። ለእንሽላሊት ነው ስትለው አልሳቀም። ይህን ስትነግረኝ ሳላየው ወደድኩት።

በማግስቱ ሣጥኑን ሊያይ መጥቶ በሩን ጎንበስ ብሎ ገባ። ድንጋዩ ሆዱን ይጠብሰዋል፣ እንሽላሊት ከሥሩ የሚመጣ ቃጠሎ ቶሎ አይሰማውም አለ። ከሥር የሚነጠፍ ማሞቂያም አለ፤ ፀሐይ ለሚወድ እንዲህ ላለው ግን ከላይ የሚያበራ አምፖል ይሻላል ብሎ ከሣጥኑ የወንፊት ክዳን በላይ ከፍ አድርጎ ሰቀለው። አምፖሉን ከሚያበራና ከሚያጠፋው የሙቀት መቆጣጠሪያ የምትወጣውን መለኪያ ሽቦ ደግሞ ሹሙ የሚጋደምበት እንጨት ላይ አሰራት።

«ይቺን ከዚህ እንዳታነሻት። እሷ በረደኝ ካለች አምፖሉ አይጠፋም።»

«እሺ» አለች ጣቶቹን እያየች። ሽቦዋን ያየች እንዳይመስላችሁ።

ከዚያ ወዲህ ሙቀቱን ልይ እያለ መመላለስ ያዘ። እኔ ትኩሳት ይዞኝ ስተኛ እንኳ እንዲህ የለካኝ የለም። ጎን ለጎን ተቀምጠው ሣጥኑን ያያሉ። እሷ ቀና ስትል እሱ ወደ አምፖሉ፣ እሱ ዞር ሲል እሷ ወደ መርፌዋ።

አንድ ጠዋት ሹሙ ጀርባው ተቃጥሎ፣ ቆዳው ተላጦ ተገኘ። ልጅቷ ደንበኛ የሞላበት መደብር ገብታ ጮኸችበት። ሙያ የለህም አለችው። ሰው ቤት የምትገባው ለሥራ ሳይሆን ሴት ፍለጋ ነው አለችው። ይህችን ባትጨምር ምን ነበረበት።

እሱ ተከትሏት መጥቶ አምፖሉን ነቀለ፣ ሣጥኑንም ጠረጴዛውንም አየ፣ ዝም ብሎ ሄደ። ባለሱቁም ሰው ቤት እየሄደ እንዳይሠራ ከልክሎ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ደርዳሪ አደረገው።

ልጅቷ ጠረጴዛዋን ስታጸዳ መለኪያዋን ከብጥስጣሽ ጨርቅ ሥር አገኘቻት። ሣጥኑን ስታጥብ ራሷ አውጥታ ረስታታለች። ሽቦዋ የክፍሉን ብርድ ስትለካ፣ አምፖሉ ሹሙ ላይ ሲነድ አድሯል።

እንጀራ አልወርድ አላት። በመደብሩ ላለማለፍ ዙሪያ ጥምጥም መሄድ ጀመረች። ማታ ትራሷን ስታረጥብ ሰማኋትና አልራራሁም።

«የሰደብሽው በሰው ፊት ነው። ለትራስ ብትነግሪው ምን ያደርጋል? የተናገርሽበት ሄደሽ ተናገሪ» አልኳት።

ከመንገድ እንዳትመለስብኝ ከኋላዋ ሄድኩ። ደንበኛው ያው ሙሉ ነው። ድምጿ እየተቆራረጠ፣ ሽቦዋን ያነሳሁት እኔ ነኝ፣ ስለ ምግባሩ ያልኩትም ሐሰት ነው፣ ቤቴ ሲገባ ዓይኑን እንኳ የሚያነሳ ሰው አይደለም ብላ ለባለሱቁ ተናገረች። ባለሱቁ ረጅሙን ከመጋዘን አስጠራው። አቧራ በአቧራ ሆኖ መጣ።

«ያን ቀን ሽቦዋን ጠረጴዛው ላይ አይተሃታል?» አለችው።

«አይቻታለሁ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

«ሹሙን አቅፈሽ ታለቅሺ ነበር። በዚያ ላይ ያቃጠልሽው አንቺ ነሽ ልበልሽ?»

ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። መሬት ተከፍታ ብትውጣት ደስ ባላት። ያ ሁሉ ደንበኛ፣ አምፖል ሊገዛ የመጣው ሁሉ፣ ጣራ ጣራውን ያይ ጀመር።

«ቁስሉ እንዴት ነው?» አላት ቀስ ብሎ።

«እየዳነ ነው።»

«እንድመጣ ትፈልጊያለሽ?»

በእሺታ ራሷን ነቀነቀች። ቀና ብላ ግን አላየችውም።

ዛሬ ባሏ ነው። እንግዳ መጥቶ እንዴት ተዋወቃችሁ ሲል እሷ ሰበብ ፈልጋ ወደ ጓዳ ትገባለች። እሱ፣ «ዕቃ ልትገዛ መጥታ» ይላል። ከዚያ በላይ አንድም ቃል ሲያወጣ ሰምቼው አላውቅም።