ከነጩ ጓንት ሥር

ላዲና ቦርሳዋን አንስታ ከሴራይና አጠገብ ተነሣችና ፊት ለፊት ካለው ባዶ ወንበር ሄዳ ተቀመጠች።  ተማሪዎችንም የሚያመላልሰው ቢጫው የፖስታ አውቶቡስ በጠመዝማዛው መንገድ ወደ ሸለቆው እየወረደ ነበር። ሁለቱ ልጆች ትምህርት ቤት ከገቡ ጀምሮ ጎን ለጎን ሳይቀመጡ የወረዱበት ጠዋት የለም።

«ምን ሆነሻል?» አለች ሴራይና።

ላዲና በመስኮቱ ወደ ውጭ ትመለከታለች።

ከኋላ ወንበር ኩርዲን አንገቱን አሰገገ። ሰው ሲጣላ ማየት የሚወድ ልጅ ነው። «አንቺ ሐሺሻም፣ ጓደኛሽ ከዳችሽ እንዴ? በእናትሽ ቅባት እሻት፣ ትለሰልሳለች!»

«ዝም በል፣ ፋራ» አለችው ላዲና ፊቷን ሳታዞር።

ኩርዲን «ሐሺሻም» የሚለውን ስም ለሴራይና ያወጣላት እናቷ ሄምፕ መዝራት ከጀመረች ወዲህ ነው። ሄምፕ የሚባለው ተክል ከሐሺሽ ጋር ዘመድ ቢሆንም አያሰክርም። ከአበባው ማሳከክ ያስታግሳል የሚሉት ሲቢዲ የተባለ ንጥረ ነገር ይወጣል። የሴራይና እናት ሜንጃ አበባውን በዘይት ትዘፈዝፋለች፣ ከንብ ሰም ጋር ታቀልጣለች፣ ለሚያሳክክ ቆዳ የሚሆን ቅባት አድርጋ በትንንሽ ብልቃጥ ትሞላለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ ታወጣዋለች። ኩርዲን ሲያላግጥ ላዲና ሁልጊዜ ለጓደኛዋ ትመልስላት ነበር። ዛሬም መለሰች፤ ግን ወደ እሷ አልዞረችም።

አውቶቡሱ ድልድዩን ሲያልፍ ላዲና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ተናገረች።

«አንድሪ ሆስፒታል ገብቷል።»

አንድሪ ታናሽ ወንድሟ ነው። ገና ሕፃን ነው። ከተወለደ ጀምሮ ችፌ አለበት።

«መቼ?»

«ትላንት። ትኩሳቱ አልወርድ አለ። ክርኑ ላይ መግል ይዟል፤ አንገቱ በሙሉ ቢጫ ቅርፊት ሆኗል። ስትነኪው ይጮሃል። ሲያክ ቆስሎ ጀርም ገብቶበታል አሉን።»



«እማዬ ሐኪሙ ያዘዘለትን ኮርቲዞን የሚባል የቆዳ መድኃኒት ጥላው ነበር» አለች ላዲና። «ገበያ ላይ የተለጠፈውን ያንቺን ፎቶ ካየች ጀምሮ የእናትሽን ቅባት ብቻ ነው የምትቀባው። ሰምተሻል? ያንቺን እጅ አይታ።» አሁን ዞራ ፊት ለፊት አየቻት። «አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ ሙድ ሳትይዢብኝ መልሺልኝ። እጅሽን ያዳነው የእናትሽ ቅባት ነው?»

ሴራይና እጆቿን ወደ ሹራቧ እጅጌ ውስጥ ሳበቻቸው።

«አዎ» አለች።

ላዲና ዓይኗን ከሴራይና ፊት ወደ እጅጌዋ አወረደች። 

«እሺ» አለች።

አውቶቡሱ ሲቆም ሳትጠብቃት ወርዳ ሄደች።

&nbsp;

የነሴራይና ቤት ከመንደሩ በላይ ነው። አባቷ ከሞተ በኋላ ላሞቹ ተሸጡ። ላሞቹ ይታሰሩበት በነበረው በረት ውስጥ አሁን የሄምፕ ዘለላ አናቱ ወደ ታች ተሰቅሎ ይደርቃል። ሽታው ከቤቱም ከልብሳቸውም አይለቅም።

ሴራይና ከትምህርት ቤት ስትመለስ ሜንጃ ምድጃው ዳር ቆማ ነበር። ዘይቱ እንዳይቃጠል ድስቱን በፈላ ውሃ ላይ አስቀምጣ በእንጨት ማንኪያ ታማስለዋለች።

«እማ፣ አንድሪ ሆስፒታል ገብቷል።»

ማንኪያው ቆመ። «ሰምቻለሁ። ዳቦ ቤት ሲያወሩ ሰማሁ።»

«እናቱ የሐኪሙን መድኃኒት ጥላው ነው።»

«እኔ ጣዪው አላልኳትም።»

«አትጣዪውም አላልሻትም።»

ሜንጃ መልሳ ማማሰል ጀመረች። ፎቶው የተነሣው ባለፈው ዓመት በጸደይ ነው። ያን ጊዜ የሴራይና እጆች ተሰነጣጥቀው እርሳስ መያዝ አቅቷት ነበር። ሐኪሙ አንድ ቱቦ ኮርቲዞን ሰጣት። እናቷ ደግሞ ቅባቷን ሰጠቻት። ሁለቱንም ተቀባች። ቆዳዋ ሲድን ሜንጃ ከደስታዋ የተነሣ አለቀሰች፤ እያለቀሰች ፎቶ አነሣቻት። ከመዳኑ በፊት ያነሣችው የተሰነጣጠቀው እጅ በግራ፣ የዳነው በቀኝ ተደርጎ ታተመ። ከሥራቸው «በፊት» እና «በኋላ» ተብሎ ተጻፈ። ቱቦው ፎቶው ላይ የለም። ሲያልቅም ሌላ አልመጣም። በመከር ችፌው ተመለሰ፤ ፎቶው ግን እዚያው ገበያ ላይ ቀረ።

«ቅባቴ ማሳከኩን አላስታገሰልሽም?» አለች ሜንጃ ጀርባዋን እንደሰጠቻት። «እውነቱን ንገሪኝ። እንቅልፍ አላስወሰደሽም?»

«አስወስዶኛል።»

«እና?»

«ያዳነኝ እሱ ብቻ አይደለም፣ እማ። የሐኪሙንም እቀባ ነበር።»

«ሁለቱንም ቀብተሻል። የትኛው እንዳዳነሽ አንቺ በምን አወቅሽ? እኔስ በምን ልወቅ?»

«ካላወቅሽ ፎቶው ለምን እንደዚያ ይላል?»

ሜንጃ ድስቱን አወረደች። እጇን በሽርጧ ጠርጋ መጣችና ከልጇ አጠገብ ተቀመጠች። ፊቷ ያረጀ መሰለ።

«አባትሽ እያለ ላሞቹ ነበሩ» አለች። «አሁን ያለን ይኼ ነው። እጅሽን አምጪ።»

ሴራይና ሰጠቻት። ሜንጃ ገና ያልረጋውን ለብ ያለ ቅባት በጣቷ ጠቅሳ የእያንዳንዱን መገጣጠሚያ ስንጥቅ ቀስ እያለች አዳረሰች። ልጅቷ እጇን መንጠቅ ፈለገች። አልነጠቀችም። ጥቂት ቆይቶ ማሳከኩ ተወት አደረጋት። ልቧን የሰበረው ይህ ነበር። ቅባቱ ደህና ቅባት ነው፤ እናቷም ደህና እናት ናት። እጇ ግን አልዳነም።

&nbsp;

ቅዳሜ ገበያው ላይ ከተራራው ቀዝቃዛ ነፋስ ይወርድ ነበር። ሴራይና ነጭ የጥጥ ጓንቷን አጥልቃ ብልቃጦቹን ደረደረች። ጓንቱን እናቷ የገዛችላት በመከር ነው። «ሰው ከጠየቀ ለንጽሕና ነው በይ» ብላታለች። ሰዎችም ወደዱት። «ምን ያለች ንጹሕ ልጅ ናት!» ይሏታል።

አጠገባቸው አይብ የሚሸጡት ሽማግሌው ሉዚ ቢላቸውን እየሳሉ ጠሯት።

«ዶክተር! ለምላስ የሚሆን ቅባት አለሽ? ሚስቴን ልቀባት ነበር።»

ሌላ ቀን ቢሆን «መጀመሪያ የእርስዎን እንሞክር» ትላቸው ነበር። ዛሬ ብልቃጦቹን መደርደሯን ቀጠለች። ሽማግሌው አዩዋትና ወደ አይባቸው ተመለሱ።

ኮርዱላ በገበያው መሐል ባለው ሰው ሠራሽ ፏፏቴ በኩል መጣች። የላዲና እናት ናት። ካልተኛች ቀናት እንዳለፉ ዓይኗ ይናገራል። ላዲና ከኋላዋ እጇን ኪሷ ከትታ ትከተላለች። ኮርዱላ ጠረጴዛው ላይ ባዶ ብልቃጥ አስቀመጠች። በጣት ተጠርጎ ተጠርጎ መስተዋቱ ጠርቷል።

«ትኩሳቱ ወርዶለታል» አለች።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አለች ሜንጃ።

«በቅርቡ ያስወጡታል። ሌላ ስጪኝ፣ ሜንጃ። አሁን በደንብ ነው የምቀባው።» ባዶውን ብልቃጥ ወደ ፊት ገፋ አደረገችው። «እንቅልፍ እያሸነፈኝ የዘለልኩት ጊዜ አለ። ወይ አሳንሼበት ይሆናል፣ አላውቅም። እሱ ሲያለቅስ ቶሎ እጨርሳለሁ። ጥፋቱ የኔ ነው እንጂ የሷ ድኖ የሱ የማይድንበት ምን ምክንያት አለ?»

ጣቷን ፎቶው ላይ አሳረፈች፤ «በኋላ» የሚለው ላይ።

ሜንጃ እጇን ወደ ብልቃጦቹ ዘረጋች። ደርሳ አላነሣችም። 

ሴራይና ላዲናን አየቻት። ላዲና የምታየው ጓንቱን ነበር።

ሴራይና የግራ ጓንቷን ከጣቶቿ ጫፍ ጀምራ ሳበች። ጥጡ ከስንጥቁ ጋር ተጣብቆ ነበርና ሲላቀቅ አመማት። ከዚያ የቀኙን አወለቀች። ሁለቱንም እጆቿን ከፎቶው ሥር ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ቀልተዋል፣ ተሰነጣጥቀዋል። የአንዱ ጣት መገጣጠሚያ ይደማል።

«እርስዎ አላጠፉም፣ እትዬ ኮርዱላ» አለች። «ፎቶውን ስነሣ ሐኪሙ የሰጠኝንም እቀባ ነበር። ሲያልቅ ሌላ አላመጣንም።»

ነፋሱ የድንኳኑን ሸራ መታው። ኮርዱላ አልጮኸችም። የሴራይናን አንጓ ይዛ እጇን ወደ ብርሃኑ ገለበጠችው፤ የትንሽ ልጅ እጅ እንደሚያይ ሰው።

«ልክ እንደ አንድሪ» አለች በሹክሹክታ። ከዚያ ቀና ብላ «ሜንጃ» አለች። 

ሜንጃ ዓይኗን ከጠረጴዛው አላነሣችም።

ኮርዱላ የሴራይናን አንጓ ለቀቀች። ባዶውን ብልቃጥ እዚያው ትታ በመጣችበት ተመለሰች። ላዲና ትንሽ ዘገየች።

«አውቶቡስ ላይ አዎ ብለሽኝ ነበር» አለች።

«ብዬሽ ነበር።»

ላዲና እናቷን ተከትላ ሄደች። ሴራይና፣ ላዲና ከፏፏቴው ማዶ ስትደርስ ትዞራለች ብላ ጠበቀቻት። ላዲና አልዞረችም።

ሽማግሌው ሉዚ ቢላቸውን አስቀምጠው ማንም ያልጠየቃቸውን አይብ በወረቀት መጠቅለል ጀመሩ። ሜንጃ ባዶውን ብልቃጥ አንሥታ በእጇ መካከል ያዘችው። እያለቀሰች እንደሆነ ሴራይና ሳታያት አወቀች። ልታቅፋት ፈለገች፤ ግን እንዴት አድርጋ እንደምታቅፋት አላወቀችም።

በዚያ መሐል አንዲት ሴት የሕፃን ጋሪ እየገፋች ከጠረጴዛው ፊት ቆመች። ጎንበስ ብላ ፎቶውን ማየት ጀመረች። ጋሪው ውስጥ ያለው ሕፃን ጉንጩ ቀልቷል።

«ጓንትሽን አጥልቂ፣ የኔ ልጅ» አለች ሜንጃ ቀስ ብላ። «ነፋሱ ይጎዳሻል።»

እውነቷን ነበር፤ ነፋሱ ይጎዳ ነበር። ሴራይና ጓንቶቹን አጣጠፈች፣ ከጠረጴዛው ሥር ካለው ሣጥን ውስጥ ከተተቻቸው። ከዚያ እጆቿን ሴትዮዋ የምታያቸው ቦታ ላይ መልሳ ዘረጋች።