የባለመብቱ ስም

ጉሉማ የሞተው በካልሲ ነው።

ረቡዕ ጠዋት፣ ነቀምቴ ከማታው ዝናብ ገና ሳትደርቅ፣ በአንድ የብረታ ብረት መደብር ጓሮ፣ ወደ ስቱዲዮው ከሚያወጣው የብረት ደረጃ ግርጌ በጀርባው ተንጋሎ ተገኘ። ማጅራቱ ከሲሚንቶው ጠርዝ ጋር ተላትሟል። ቀድመው የደረሱት ፖሊሶች «አዳልጦት ነው» ብለው መዝገቡን ሊዘጉት ምንም አልቀራቸውም። ወሩ ሐምሌ፣ ደረጃው ብረት፣ ማታውን ሲዘንብ ያመሸ፤ ከዚህ በላይ ማን ራሱን ያደክማል?

ኢንስፔክተር ሂሩት ግን እግሩን አየች። ሂሩት ከወሎ መጥተው ወለጋ ከሰፈሩ ወላጆች የተወለደች የአርባ ስድስት ዓመት ሴት ናት። ኦሮምኛና አማርኛ እኩል ታቀላጥፋለች። በወንጀል ምርመራ አሥራ ስምንት ዓመት ሠርታለች፤ ከሥራው ያተረፈችው ነገር ቢኖር የጨጓራ ሕመም ነው።

«ጫማው የት ነው?» አለች።

«ላይ ነው» አላት ባቻ። ባቻ የጉሉማ ቪዲዮ አቀናባሪ ነው፤ ሬሳውን ያገኘውም እሱ ነው። «ስቱዲዮው ውስጥ ማንም በጫማ አይገባም። ማይኩ ኮቴ ይቀርጻል። በር ላይ እናወልቃለን፣ ስንወጣ እናጠልቃለን። ጉሉማ ለአንዲት ደቂቃ እንኳ ሲወርድ ጫማውን ሳያደርግ አይወርድም።»

ሂሩት ደረጃውን መውጣት ጀመረች። ከላይ አራተኛዋ ላይ ስትደርስ ብረቱ ከእግሯ ሥር ተገለበጠባትና ድጋፉን ይዛ ተረፈች።

«እሷን መዝለል ነው» አለ ባቻ ከኋላዋ፣ ዘግይቶ። «ብሎኗ ወልቋል። አንዴ የደነገጠባት ሰው ሁለተኛ አይረግጣትም።»

የስቱዲዮው ግድግዳ በስፖንጅ ተለብጧል፤ ወለሉ ላይ ግራጫ ምንጣፍ ተነጥፏል። በምንጣፉ ላይ የደረቀ የጭቃ ዱካ ከበሩ እስከ ጠረጴዛው ሄዶ ተመልሷል። ዱካው ሰፊ የወንድ ጫማ ነው። ጠረጴዛው ላይ ጫፉ ባዶ የሆነ ገመድ ተጋድሟል።

ባቻ ገመዱን ሲያይ ቁጭ አለ። «ሃርድ ዲስኩ የለም። ኢንስፔክተር፣ የስድስት ዓመት ሥራ ነው! ዋናው ቅጂ እሱ ላይ ብቻ ነው ያለው። ሌላው ቻናሉ ላይ ነው፣ ቻናሉ ደግሞ ነገ ስድስት ሰዓት ይዘጋል።»

«ለምን ይዘጋል?»

ባቻ አስረዳት። ጉሉማ ከኡኬ እስከ አኖ በየአጥቢያው እየዞረ መዘምራንን ይቀርጽና ቪዲዮውን በኢንተርኔት ቻናሉ ላይ ይጭናል። ሁለት መቶ ሺህ ተከታይ አለው። ባለፉት ሁለት ወራት ግን ሦስት የቅጂ መብት ክስ ደረሰበት። ቪዲዮው በሚጫንበት መድረክ ደንብ የተከሰሰ ቪዲዮ ወዲያው ይወርዳል፤ በዘጠና ቀን ውስጥ ሦስት ክስ የደረሰበት ቻናል ከነሙሉ ይዘቱ ይጠፋል። የሰባት ቀን እፎይታ ይሰጡታል፤ በዚያ ውስጥ መቃወሚያ ካቀረበና ከሳሹ በአሥር የሥራ ቀን ፍርድ ቤት መሄዱን ካላሳየ ሁሉም ይመለሳል።

«መቃወሚያውን ልኮ ነበር?»

«ትናንት ጽፎ ጨርሷል። ዛሬ ሊልከው ነበር። ለሚመለከተው ሁሉ ደውሎ ነግሯል።»

«አንተስ አትልክለትም?»

«የቻናሉ ባለቤት ነው የሚፈርመው። የይለፍ ቃሉን የሚያውቀውም እሱ ብቻ ነበር።»

ባቻ ጉሉማ ያስተላለፈለትን ሦስቱን የክስ ማስታወቂያ በስልኩ ከፈተላት። ሦስቱም አንዲት ዘማሪ የዘመረቻቸው መዝሙሮች ናቸው፤ ቻናሉ ላይ የነበሯትም እነዚህ ብቻ ናቸው። «የሥራው ርእስ» በሚለው ቦታ «መዝሙር ቁጥር 41»፣ «ቁጥር 9»፣ «ቁጥር 23» ተብሎ ተሞልቷል። «የባለመብቱ ስም» በሚለው ደግሞ ሦስቱም ላይ አንድ ስም አለ፤ ፌኔት ሞረዳ።

«ፌኔት ማን ናት?»

«ዘማሪዋ ራሷ ናት» አለ ባቻ። «በወባ ከሞተች ሁለት ዓመት አልፏታል።»

ሂሩት ስትወርድ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ የያዙ አንዲት እናት ጓሮው ውስጥ ቆመው አገኘች። አዴ በዛብሽ ናቸው፤ የፌኔት እናት። ቅዳሜ ቅዳሜ ከኡኬ ለገበያ ሲመጡ ስቱዲዮው ወጥተው፣ ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው፣ ማዳመጫውን ጆሯቸው ላይ አድርገው የልጃቸውን ድምፅ ይሰማሉ። ስልካቸው ተራ ነው፤ መደወል እንጂ ሌላ አያውቅም።

«አካም ቡልታን አዴ» አለቻቸው።

«ያ ዕቃ ተወሰደ አሉ። እውነት ነው?» አሉ፣ ሰላምታውን እንኳ ሳይመልሱ። «ማሎ ልጄ፣ እባክሽ፣ የገደለውን ባታገኚው እንኳ እሱን አግኚልኝ።» ከዚያ የተናገሩት አሳፈራቸው መሰለ፣ ወደ ሬሳው ዞረው አለቀሱ። «ጉሉማን ጠልቼ አይደለም። ልጄ ያለችው ግን እዚያ ውስጥ ብቻ ነው።»

ሂሩት ቃል አልገባችላቸውም። ቃል ገብታ ያፈረችባቸውን እናቶች ፊት አልረሳችም።

በዚያው ዕለት ሲሬ ወርዳ ኢቢሳን አገኘችው። ኢቢሳ የጉሉማን ቪዲዮዎች እየቀዳ በራሱ ቻናል የሚጭን ሰው ነው። የእሱ ስቱዲዮ አንዲት ጠባብ ክፍል ናት፤ ግን እሱም በሩ ላይ ጫማውን አወለቀ፣ እሷንም አስወለቃት።

«ስትቀዳ እንዴት አልተያዝክም?»

«ድምፁን ትንሽ አፈጥነዋለሁ፣ አቀጥነዋለሁ፣ ከበሮ እደርብበታለሁ። ማሽኑ አይለየውም።» ይህን ሲናገር ትንሽ እንኳ አላፈረም።

ስልኩን ሰጣት። ከቪዲዮው ማዕዘን ላይ የጉሉማ ቻናል አርማ እንዳለ ነው።

«አርማውን እንኳ አላነሳህለትም።»

«ማን ጊዜ አለው?»

«ክሱን የላክኸው አንተ ነህ?»

ኢቢሳ ከልቡ ሳቀ። «እኔ? የምቀዳው ከእሱ እኮ ነው! እሱ ከተዘጋ እኔ ምን እጭናለሁ?»

ሌባ እንዲህ ሲያስረዳ ማመን ያናድዳል፤ ሂሩት ግን አመነችው።

ሊሊሴ ከፌኔት ጋር በአንድ የመዘምራን ቡድን የነበረች መምህርት ናት። ያለፈቃዴ ድምፄን ጫነብኝ ብላ ከጉሉማ ጋር ተጣልታ ነበር። ስለ ቁጥሮቹ ስትጠየቅ የመዝሙር ደብተሯን አውጥታ ገለጠች።

«እኛ ለመዝሙር ርእስ አናወጣም፤ ርእሱን የሚሰጠው ጉሉማ ነው። እያንዳንዳችን በተማርንበት ተራ በየደብተራችን ቁጥር እየሰጠን እንጽፋለን። ይኸው፣ አርባ አንድ ያሉት እኔ ጋ አሥራ ሰባት ነው።»

«አርባ አንድ የሆነው ማን ጋ ነው?»

«ፌኔት ጋ ይሆናል። ዘግይታ ነው የተማረችው።» ሊሊሴ ደብተሯን ዘጋች። «የእሷ ደብተር ግን አብሯት ተቀብሯል። አባቷ በእጃቸው ሳጥኑ ውስጥ እንዳስገቡት ነግረውናል።»

አባትየው መምህር ሞረዳ ኡኬ ውስጥ ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ሂሩትን ቆመው ተቀበሏት፤ ወንበር ሰጧት፤ እስክትቀመጥም አልተቀመጡም።

«ስለ ጉሉማ መሞት ሰምቻለሁ። እግዚአብሔር ይማረው። እዚያ ቤት ግን እግሬ ረግጦ አያውቅም።»

«አዴ በዛብሽ በየሳምንቱ ሲሄዱ እርስዎ ለምን ቀሩ?»

«እሷ የምትሰማው ሌላ ነው፣ እኔ የሰማሁት ሌላ። ሚኒባስ ውስጥ የልጄን ድምፅ ሰማሁ። እንደ ጫጩት ሲያስጮሏት፣ በከበሮ ሲያስጨፍሯት። ሰው ሁሉ ሳቀ። ረዳቱን ‹የማን ነው?› ብዬ ብጠይቀው ስልኩን አሳየኝ፤ የጉሉማ አርማ አለበት።» መምህሩ መነጽራቸውን አወለቁ። «ሞታ እንኳ አላረፈችም።»

ሂሩት ከዚያ ቤት ስትወጣ ገዳዩን አውቃዋለች። ደስ አላላትም።

ሐሙስ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ አምስቱንም ነቀምቴ ጠራቻቸው። እሷ ስቱዲዮው በር ላይ ቆማ ሲወጡ ተመለከተች። ባቻ፣ ሊሊሴ፣ አዴ በዛብሽ፣ ከዚያ ኢቢሳ ወጡ፤ ማንም ሳይነግራቸው ጫማቸውን በር ላይ አወለቁ። መምህር ሞረዳ በመጨረሻ ራሳቸውን ቀና አድርገው ወጡ። አራተኛዋ ደረጃ ጋ ሲደርሱ ሳያዩዋት ተሻገሯት፣ በጫማቸውም ምንጣፉ ላይ ገቡ።

ሂሩት በሩን ዘጋች።

«ጉሉማ አላዳለጠውም» አለች። «በካልሲው ብቻ ሆኖ ጭቃ ውስጥ የሚወርድ ሰው የሚያሳድደው ነገር አለው። ያሳደደው ሃርድ ዲስኩን ይዞ የወጣውን ሰው ነው። ያ ሰው እዚህ ምንጣፍ ላይ በጫማ ገብቷል። የስቱዲዮ ሰው ግን ሊሰርቅ ቢመጣ እንኳ እግሩ በር ላይ ይቆማል። አሁን እንኳ አራታችሁ ሳታስቡት አወለቃችሁ።»

አምስቱም ወደ እግራቸው አዩ። በጫማ ያሉት አንድ ሰው ብቻ ናቸው።

«እኔ ልማዱን አላውቅም» አሉ መምህሩ። «እዚህ መጥቼ አላውቅም አልኩሽ።»

«ብለውኛል። እኔ ትናንት ስመጣ አራተኛዋ ደረጃ ልትጥለኝ ነበር። አንዴ የደነገጠባት ሰው ነው የሚዘላት። እርስዎ አሁን ዘለሏት። መቼ ነው የደነገጡባት?»

መምህሩ ወደ ተዘጋው በር ዞሩ።

«ወደ ክሱ ልመለስ። የሚጠቀም ከሳሽ የራሱን ስም ይጽፋል። አስመሳይ ደግሞ የሙት ስም አይጽፍም፤ ወዲያው ይነቃበታላ። ቅጹ ‹የባለመብቱ ስም› ሲል የሟችን ስም የሚሞላ አንድ ዓይነት ሰው ነው። ጥያቄ ሲጠየቅ እውነቱን የሚመልስ፣ መዝሙሩ ዛሬም የልጄ ነው ብሎ የሚያምን ሰው። ርእሱንም በደብተሯ ቁጥር ሞላው። ደብተሩ ከእሷ ጋር ቢቀበር ኖሮ አርባ አንድን ማን ያውቅ ነበር?»

አዴ በዛብሽ ወደ ባላቸው ዞሩ። «ደብተሯን አስገብቻለሁ ብለኸኝ ነበር።»

መምህር ሞረዳ ከኮታቸው የውስጥ ኪስ ሰማያዊ ደብተር አወጡ። «ሳጥኑ ሊዘጋ ሲል እጄ አልለቅ አለኝ።»

«ማክሰኞ ጉሉማ ደውሎ መዝሙሮቹን ላስመልስ ነው አለዎት» አለች ሂሩት።

«እንዳያስመልሳቸው ልለምነው መጣሁ። ‹አባ፣ አንድ ጊዜ ያድምጧት› ብሎ ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ ሊያደርግልኝ እጁን ዘረጋ። ያ የሚኒባሱ ድምፅ ሊመጣብኝ መሰለኝ። ዕቃውን ነቅዬ ወጣሁ። ደረጃው ላይ ደርሶ ክንዴን ያዘኝ፣ ብረቷ ከእግሬ ሥር ከዳችኝ። እኔ ድጋፉን ያዝኩ። እሱን… እሱን ገፋሁት። ዋሽቼ አላውቅም፤ ሁለቴ ዋሸሁ፣ አሁን ይብቃኝ።»

«ያን ያፈጠነው እሱ አይደለም!» ባቻ ጮኸ። «ጉሉማ የፌኔትን ድምፅ ነክቶት አያውቅም! የሰረቀው ይሄ ነው፣ አርማውን እንኳ ሳያነሳ!»

ኢቢሳ አንገቱን ደፋ። መምህሩ ኢቢሳን አዩት፤ ረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ምንጣፉ ላይ ተቀመጡና በዝግታ የጫማቸውን ክር መፍታት ጀመሩ።

«ዕቃውስ?» አሉ አዴ በዛብሽ። ከዚህ ሁሉ ውስጥ እሳቸው የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው። «ዕቃው የት ነው ሞረዳ?»

«በመጥረቢያ ፈልጬ ሽንት ቤት ጣልኩት።»

ሂሩት ሰዓቷን አየች። የምስክሮቹን ቃል ጽፋ እስክታስፈርም ስድስት ሰዓት ሞላ። ባቻ ስልኩን ከፍቶ አሳያት። ቻናሉ የለም፤ አንድ መስመር ጽሑፍ ብቻ ወጣ። የሞተ ሰው መቃወሚያ አይፈርምም፤ የሚፈርምለት ወራሽ ቢገኝ እንኳ ቀኑ አልፏል። ሂሩት ገዳዩን በሁለት ቀን ይዛለች፤ አለቆቿ ያመሰግኗታል፤ እሷ ግን ጨጓራዋን ይዛ ቆመች።

አዴ በዛብሽ ወደ ኢቢሳ ሄዱ።

«አንተ ጋ አለች አይደል?»

«አዴ… እኔ ጋ ያለው የተበላሸ ነው።»

«ወደ ነበረበት አይመለስም?» ሂሩት ባቻን ጠየቀችው።

«ፍጥነቱ ቢቀነስም ከበሮው አይወጣም። ግማሹንም ቆርጦታል።»

«ክፈትልኝ» አሉ አዴ በዛብሽ።

ኢቢሳ ከፈተው። ከከበሮው ሥር ቀጭን፣ የሚሮጥ፣ የጫጩት ድምፅ ስቱዲዮውን ሞላው። በሩ ጋ በሁለት ፖሊሶች መሃል የቆሙት መምህር ሞረዳ እጃቸው ወደ ኋላ ታስሯል፤ ጆሯቸውን መሸፈን አልቻሉም። አዴ በዛብሽ ስልኩን ጆሯቸው ላይ አስጠግተው እስኪያልቅ አዳመጡ።

«ይሄ የልጄ ድምፅ አይደለም» አሉ።

ስልኩን ለኢቢሳ መለሱለት። እሱም ሊያጠፋው ሲል እጁን ያዙት።

«ድገምልኝ» አሉት።