ወደ ውስጥ የሚሳብ አዎ

የሐመልማል ጥላ ከእሷ ቀድሞ ይነቃል። ጠዋት ጠዋት ከአልጋዋ ራስጌ ግድግዳው ላይ ቆሞ፣ ትናንት ያስተማራትን የሦስት ማዕዘን ሥዕል በጣቱ እያዟዟረ እስክትነሳ ይጠብቃል። እናቷ አስናቀች በመጀመሪያው ሰሞን ስታየው ገንፎውን በር ላይ አስቀምጣ ትመለስ ነበር። አሁን ግን ገንፎ ይዛ ስትገባ፣ «ዞር በል እስቲ፣ ብርሃን ጋረድከኝ» ትለዋለች። እሱም ዞር ይልላታል።

ጥላ በጨው በር ከተማ መክሊት አላቸው ለተባሉ ልጆች የሚሰጥ አስተማሪ ነው። ከብርሃን የተሠራ ነው፤ አካል የለውም። ልጁ በሄደበት ግድግዳ ሁሉ እየተከተለ፣ ሌሎቹ ማባዛት ሲማሩ እሱን ወደፊት ይዞት ይሄዳል። ሐመልማል የምትማርበት ክርስቲያን ትምህርት ቤት በሩ ላይ «መክሊት አደራ ነው» ተብሎ ተጽፏል። ዓርብ ዓርብ ጥላ ያላቸው ልጆች ጥላ ከሌላቸው ጎን ይቀመጡና በሳምንቱ የተማሩትን ያካፍላሉ። አስናቀች ዓርብን ትወደዋለች። የቀረውን ግን አታምነውም። «ልጅሽ የተለየች ናት» ያሏት ቀን ሌሎች ወላጆች እልል ሲሉ፣ እሷ ግን ልጇን ወደ ራሷ ነው የሳበቻት። ለይተው ያወጡትን ልጅ ለይተው ሊጥሉትም ይችላሉ ብላ ነበር። የሰማት ሰው አልነበረም። ባሏ ከተማውን ከሸፈነው መስታወት ውጭ ጨው ሜዳው ላይ ነው፤ ወር ሲሞላ ነው የሚመጣው።

ያን ቀን ጠዋት ጥላው ዞር ካለ በኋላ ተናገረ።

«ወይዘሮ አስናቀች፣ መጋቢ ኢዮስያስ ዛሬ ቢሯቸው እንዲመጡ ይፈልጋሉ። ሐመልማል ማቅኛ ክፍል እንድትገባ ተወስኗል።»

ገንፎውን አልጋው ጠርዝ ላይ አስቀመጠችው።

«ማን ነው የወሰነው?»

«እኔ በላክሁት ሪፖርት መሠረት ርዕሰ መምህሩ ወሰኑ።»

«አንተ በላክኸው!» አለች። «ቤቴ እያደርክ፣ ግድግዳዬን ተደግፈህ እያደርክ!»

ጥላው ሦስት ማዕዘኑን አንድ ጊዜ አዞረው። አስናቀች ያኔ ነው ያስተዋለችው፤ ይሄ ሦስት ማዕዘን ከበዓል በፊትም እዚሁ ነበር። አንድ ሥዕል ብቻ ለምን እንደሚደጋግም ልትጠይቅ አፏን ከፈተችና ተወችው። ማቅኛ የሚለው ቃል ሌላውን ሁሉ ከጭንቅላቷ አውጥቶት ነበር።

ማቅኛ አነጋገር የሚቃናበት ክፍል ነው። እንደ ፀጉር የቀጠነች ክር ከልጁ ጉሮሮ ውስጥ ትገባለች። ክሯ ያልተስተካከለ ድምፅ ሊወጣ ሲል ትዘጋለች፤ የተስተካከለውን ታሳልፋለች። አያምም ይላሉ። አያምም የሚባል ነገር ሁሉ ለአስናቀች ያማል ማለት ነው።

ሁለቱም አፈ ጋሻቸውን አጠለቁ። አፈ ጋሻ ከቤት ወጥቶ በመተላለፊያዎቹ የሚሄድ ሰው ሁሉ አፍና አፍንጫው ላይ የሚያደርገው የጨው አቧራ መከላከያ ነው። የሰውየውን ድምፅ እየተቀበለ አጠገቡ ላለው ሰው ጆሮ ያደርሳል። ወደ ውስጥ የሚሳበውን ትንፋሽ ግን እንዳይሰማ አድርጎ ያጠፋዋል፤ አለዚያ ከተማው ሙሉ ሲያለከልክ በተሰማ ነበር። ሐመልማል የእናቷን ቀሚስ ጨብጣ ተከተለች። ጥላዋም ከጎኗ ግድግዳ ግድግዳውን ሄደ።

«ምን አድርገሽ ነው?» አለቻት እናቷ።

«ምንም።»

«ሲጠይቁሽ ዝም ብለሽ ይሆን?»

«ጠይቀውኝ መልሻለሁ፣ እማዬ።»

ርዕሰ መምህሩ መጋቢ ኢዮስያስ ለዘብ ያሉ ሰው ናቸው። ቢሯቸው የገባ ሁሉ አፈ ጋሻውን ያወልቃል፤ አየሩ ንጹሕ ነው። የሐመልማል አስተማሪ መምህርት ብዙአየሁ ቀድማ ገብታ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ዓይኗን ከወለሉ አላነሳችም።

«እህት አስናቀች፣ ጌታ ይባርክሽ። ቁጭ በይ።»

«ቆሜ እሰማለሁ።»

«ያስጨነቅንሽ ይመስለኛል። የሚያስጨንቅ ነገር የለም። ልጅቷ ስሌት ላይ ጎበዝ ናት፤ ማንም አይክድም። ግን ጥላዋ ‹ገባሽ ወይ?› ሲላት ዝም ትላለች። ‹እንቀጥል?› ሲላት ዝም። አንዳንዴ ትንፋሽ ያጥራታል። ልጅ ካልገባው ደግሞ ጥላው ወደፊት መሄድ አይችልም፤ ከመጀመሪያው ይጀምራል። ሕጉ እንደዚያ ነው።»

«ስንት ጊዜ ነው የጀመረው?»

መጋቢው ግድግዳውን አዩ። ጥላው፣ «ያንኑ ትምህርት ከገና በፊት ጀምሮ እየደገምኩ ነው» አለ።

«ከገና በፊት!» አስናቀች ወደ ልጇ ዞረች። «አንዱን ነገር ከገና በፊት ጀምሮ ሲነግርሽ ዝም ብለሽ ትሰሚዋለሽ?»

ሐመልማል አንገቷን ደፋች። «ትልቅ ሰው ሲናገር አታቋርጪ ብለሽኛል እኮ።»

«እሱ ትልቅ ሰው ነው? ጥላ አይደል እንዴ!»

«አስተማሪ ነው» አለች ልጅቷ በቀጭን ድምፅ።

አስናቀች ደሟ ፈላ። ልጇን ብሩህ ናት ብለው ከጓደኞቿ ለዩ፤ ለይተው አንድ ግድግዳ ሥር አስቀመጧት፤ አስቀምጠው አንድ ሦስት ማዕዘን አሳዩአት። ልጇም ጨዋ ስለሆነች ታየዋለች። አሁን ደግሞ ጉሮሮዋን!

«አይሆንም» አለች። «ክራችሁን ለራሳችሁ።»

«እህቴ፣ ሶስናን ታውቂያት የለ? የእኔን ልጅ? እሷም ዝም ትል ነበር፤ አምና ማቅኛ ገባች። አሁን ድምፅዋ እንደ ደወል ነው። እኔ ለልጄ ያላደረግሁትን ለልጅሽ አላደርግም። ያልገባትንም ልጅ መክሊት አላት ብዬ ብይዛት፣ ቦታውን ለሚገባው ልጅ መከልከሌ ነው።»

«ያልገባት ልጅ!» አስናቀች አስተማሪዋ ፊት ሄዳ ቆመች። «አንቺ! ሦስት ዓመት አስተምረሻታል። ዓርብ ዓርብ ሌላውን ልጅ ስታስረዳ አጠገቧ ቆመሽ አይተሻል። ቀና በይና ንገሪያቸው። ልጄ ይገባታል ወይ?»

መምህርት ብዙአየሁ ቀና አለች። ዓይኗ እንባ ሞልቷል። ትንፋሿን ወደ ውስጥ ሳብ አድርጋ፣ ጉሮሮዋ ውስጥ ቆረጥ እያለ፣ «ኧህ» አለች።

«መምህርት ብዙአየሁ አልመለሱም» አለ ጥላው። «ትንፋሽ ያጥራቸዋል። ማቅኛ ክፍል ልመዝግባቸው?»

ሁሉም ወደ ግድግዳው ዞሩ።

«ምን ማለትህ ነው?» አለች መምህርቷ። «መለስኩ እኮ! አዎ አልኩ እኮ!»

«አላሉም።»

«አልኩ! ኧህ! ይኸው!»

«አላሉም» አለ ጥላው በትሕትና።

መምህርት ብዙአየሁ እጇን አፏ ላይ ጫነች። አስናቀች ግን ቀድሞ ገብቷታል። እሷም ባሏም ከደጋ የወረዱ ናቸው። በእነሱ ቤት አዎ እንዲህ ነው የሚባለው፤ ትንፋሽን ወደ ውስጥ ስቦ። ውጭ ሲወጡ አፈ ጋሻው ስለማያሰማው ሁሉም «አዎ» ማለት ለምዷል፤ ማንም ልማድ ተውኩ ብሎ ሳያስበው። ሐመልማል ግን አዎን የተማረችው ቤት ውስጥ ነው፤ እናቷ ጉያ ሆና።

«ሐሙዬ» አለች እናቷ። ጎንበስ አለችላት። «ዳቦ ትወጃለሽ?»

«ኧህ።»

«አልመለሰችም» አለ ጥላው።

«በምንድን ነው አንተ የምትሰማው?»

«እንደ አፈ ጋሻው ነው የምሰማው። ሠሪያችን አንድ ነው። ወደ ውስጥ የሚሳብ ድምፅ የንግግር ድምፅ ተብሎ አልተሰጠኝም።»

አስናቀች ወደ መጋቢው ዞረች። እጇን ጠረጴዛው ላይ ስታሳርፍ ብርጭቆው ዘለለ።

«እርስዎስ? እሺ እሱ ማሽን ነው። እርስዎ ከሰው አልተወለዱም? እናትዎ አዎ ሲሉ እንዴት ነበር የሚሉት? በጸሎት ቤት ሲሰብኩ፣ ፊት የተቀመጡት እናቶች ‹እውነት አይደለም ወይ?› ሲሏቸው እንዴት ነው የሚመልሱልዎት?»

የመጋቢ ኢዮስያስ ከንፈራቸው ተከፈተ፤ ደረታቸው ከፍ አለ፤ እዚያው ቆመ። የሚያስታውሱት ነገር እንዳለ ፊታቸው ላይ ታየ።

«አስተምሩኝ» አለ ጥላው በመሃል። «ካስተማራችሁኝ እሰማዋለሁ።»

ማንም አልተንቀሳቀሰም። ሐመልማል ብቻ ወደ ግድግዳው ቀረብ አለች።

«ወደ ውስጥ ነው» አለችው። «ጉሮሮህን ትንሽ ዘጋ ታደርገውና ሳብ።»

«ሳንባ የለኝም።»

«አስመስል አንተ ደግሞ!»

ጥላው አሰበ። «ኧህ» አለ። እናቷን፣ አያቷን፣ የደጋውን ሰው ሁሉ መሰለ። ሐመልማል ሳቀች። መምህርቷም እንባዋን ሳትጠርግ ሳቀች። የወራት ጥፋት በአንድ ትንፋሽ ተቃና። አስናቀች ግን ሳቅ አልመጣላትም። ይሄን ያህል ቀላል ከሆነ፣ እንዴት አንድም ሰው ልጆቹን አልጠየቀም? ማሽኑ መጠገን ሲገባው ጉሮሮ ሲጠግኑ የከረሙት ለምንድን ነው?

ያኔ በሩ ተንኳኳ። የመጋቢው ልጅ ሶስና ናት፤ ሁለት ጉንጉን ተሠርታ፣ የመዝሙር ቡድን ነጭ ልብሷን ለብሳለች።

«አባዬ፣ የጠዋት ጸሎት ደርሷል። ልጆቹ ተሰልፈዋል።» ድምፅዋ በእርግጥ እንደ ደወል ነው።

መጋቢው ከወንበራቸው ሲነሱ ጠረጴዛውን ተደገፉ። «ሶስና፣ ነይ እስቲ። እትዬን ታስታውሻታለሽ? አያትሽን?»

«አዎ።»

«እንደዚያ አይደለም። እትዬ ትለው እንደነበረው። አንቺም ትዪው ነበር፤ ትንሽ እያለሽ። ወደ ውስጥ።»

ልጅቷ ግራ ገባት። አባቷን ለማስደሰት ብላ አፏን ከፈት አድርጋ ሳበች። ደረቷ ሞላ። ድምፅ የለም። እንደገና ሳበች፤ አንገቷ ላይ ሥር ተገተረ። ክሯ ዘግታለች።

«አዎ» አለች መጨረሻ ላይ፣ ጥርት አድርጋ። ሁልጊዜ እንደሚደረግላት እስክትመሰገንም ጠበቀች።

«ትወጣለች?» አሉ መጋቢው ወደ ግድግዳው። «ክሯ ትወጣለች?»

«ከዓመት በኋላ ከሥጋ ጋር ትጣበቃለች» አለ ጥላው። «አትወጣም።»

መጋቢ ኢዮስያስ የልጃቸውን ጭንቅላት ደረታቸው ላይ አስጠጉ። «ጎበዝ» አሏት። አስናቀች ልታዝንላቸው ፈለገች፤ ትንሽም አዘነች። ንዴቷ ግን አላለቀም።

«ስንቱን ልጅ ነው ያስገባችሁት?» አለች። «በሩ ላይ አደራ ብላችሁ ጽፋችኋል። እግዚአብሔር የሰጣቸውን አፍ ቆርጣችሁ፣ የቀረውን ነው አደራ የምትሉት?»

«ዛሬ ይዘጋል» አሉ። «ማቅኛው ዛሬ ይዘጋል። በአባቶችና በእናቶች ፊትም እኔው ራሴ እናገራለሁ።»

«ይዘጋል!» አለች። «የተዘጋውስ?»

መልስ አልጠበቀችም። የሐመልማልን እጅ ይዛ ወጣች። በዚያ ቀን ትምህርት አይታሰብም።

መተላለፊያው ውስጥ ሦስቱ ጎን ለጎን ሄዱ። ጥላው አዲስ ሥዕል ይዟል፤ ሦስት ማዕዘኑ ተከፍቶ እንደ ቤት ጣሪያ ወደ ላይ ተነሥቷል። ሐመልማል እየሄደች በዓይኗ ትከተለዋለች። የወራት ርሃብ ነው። አስናቀች አየቻትና ልቧ ትንሽ ረገበ። እነሆ ተረፈች። የፈራችው ነገር ለአንድ ጊዜም ቢሆን ሳይደርስ ቀረ።

ቤት ገብተው አፈ ጋሻቸውን አወለቁ።

«ራበሽ?» አለቻት።

«አዎ!» አለች ሐመልማል። ጮክ ብላ፣ ጥርት አድርጋ፣ ልክ እንደ ሶስና።

አስናቀች እጇ ሰሃኑ ላይ ቀረ።

«ቤታችን ነው እኮ። እንደ ድሮሽ በይ።»

«አዎ ማለት እችላለሁ፣ እማዬ። ተመልከቺ። አዎ። አዎ። አዎ።» ልጅቷ ፈገግ ብላለች። ጣቷ ግን ጉሮሮዋ ላይ ነው፤ ምናልባት ከዚያ ቢሮ ጀምሮ እዚያው ነበር። «ከእንግዲህ እንደዚህ ነው የምለው።»

«ማንም አይነካሽም። ተዘግቷል ብለዋል፤ ሰምተሻል።»

«አዎ።»

እናቷ ተንበርክካ ዓይን ለዓይን አየቻት። ክር አልገባባትም። ማንም አልነካትም። አንድ ቢሮ ውስጥ ቆማ የሌላ ልጅ አንገት ሲገተር ማየቷ ብቻ ነው።

«ሐሙዬ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ትፈሪያለሽ?»

ልጅቷ ከንፈሯን ገጠመች። አዎም አይደለምም አላለችም።

ከራስጌው ግድግዳ ላይ፣ ሳንባ የሌለው ጥላዋ በእሷ ፈንታ ትንፋሹን ወደ ውስጥ ሳበ።