ካምፕ ሁሉ የሰማው ጥያቄ

በፎክላንድ ደሴቶች ከስታንሊ ከተማ ውጭ ያለው ሜዳና ኮረብታ በሙሉ «ካምፕ» ይባላል። ድንኳን የለበትም፤ በግና ነፋስ እንጂ።

የእረኛው የሃሚሽ ልጅ ዩና፣ እናቷ ካረፈች ወዲህ የአባቷን ቤት የያዘች እርሷ ነበረች። የስታንሊው አናጢ ላክላን የበግ ሸላቾችን ማደሪያ ሊጠግን መጥቶ ወደዳት፤ እርሷም ወደደችው። ከተመለሰ በኋላ ግን የሚገናኙት በሬዲዮ ብቻ ሆነ።

ማለዳ የስታንሊው ሐኪም በየቤቱ ባለው የመነጋገሪያ ሬዲዮ ሕሙማኑን ሲጠይቅ ካምፕ በሙሉ ያዳምጣል። የማን ሆድ እንደታወከ የማያውቅ የለም፤ «ሰምቻለሁ» ማለት ግን ነውር ነው።

አንድ ማለዳ ሐኪሙ እንደጨረሰ የላክላን ድምፅ ተተካ።

«ዩና፣ አግቢኝና ስታንሊ እንኑር። ምን ትያለሽ?»

አባቷ አጠገቧ ጫማውን ያስር ነበር፤ ቀና አላለም። ዩና የጎበጠ ጀርባውን አየች።

«ነፋሱ በርትቷል፤ አይሰማም» ብላ ሬዲዮውን ዘጋችው።

ነፋስ አልነበረም። ይህንንም ጎረቤት ሁሉ በየመስኮቱ ያያል። ቅን ሰው በአደባባይ አዋርዳለችና ቀኑን ሙሉ እጇ ሥራ አልያዘላትም።

«ለእኔ ብለሽ ነው?» አለ አባቷ ማምሻውን።

ድስቱን ማማሰሏን ቀጠለች።

«ልጄ፣ ‹ካምፕ› የሚለውን ስም የሰጡን ከደቡብ አሜሪካ የዱር ከብት ሊይዙ የመጡ ፈረሰኞች ናቸው። በስፓኒሽ ‹ካምፖ› ይሉት ነበር፤ ገላጣ ገጠር ማለታቸው ነው። የፈረስ ዕቃውንም እስከ ዛሬ በእነርሱ ቃል እንጠራለን። ሰዎቹ ግን ሄዱ። ምድሩ ያላሰረውን ሰው እኔ ማነኝ የማስር?»

«ታዲያ ማን ያበስልልሃል፣ አባዬ?»

«አንቺ የምታሳርሪውን ሥጋ ችዬ የኖርኩ ምን ይገድለኛል!»

በማግስቱ ካምፕ እየሰማ ተናገረች። «ላክላን፣ ትናንት ነፋስ አልነበረም። ዋሽቼሃለሁ። እሺ ብያለሁ።»

ሬዲዮው አጠገብ ቁጭ ብላ ጠበቀች። በመጨረሻ አሮጊቷ ጎረቤት ወይዘሮ ቤርታ ነውሩን ጣሰች።

«አንቺ ልጅ፣ ሁላችንም ሰምተናል! ያልሰማ እርሱ ብቻ ነው፤ አፍሮ ሬዲዮውን ዘግቷል አሉ። ምን ትጠብቂያለሽ? ፈረስሽን ጫኚ እንጂ!»

በካምፕ የአጥር በር ከፍቶ መተው፣ በጉ ስለሚያመልጥ፣ ትልቅ ጥፋት ነው። ያን ዕለት ግን እስከ ስታንሊ በዩና መንገድ ያለውን በር ሁሉ ጎረቤቶቿ ከፍተው ጠበቋት። አንገቷን ደፍታ አለፈች።

ስታንሊ ስትደርስ ላክላን ከሚጠግነው ጣራ ወርዶ ቃሏን እስከ መጨረሻ አዳመጠ።

«አባትሽን ብቻውን ትተሽ መጣሽ?»

«አዎ» አለች፤ እንባዋ ቀደማት።

«እንግዲያው እኔ ልምጣ» አለ ላክላን። «በካምፕም ቢሆን የሚያፈስ ጣራ አይጠፋም።»