ከልደታ እስከ ማርያም

«ረስታው ነው!» አሉ አቶ ገብረ ጻድቅ የጤና ጣቢያው ካርድ ላይ እየጻፉ። ሰቆጣ ሁሉ «ዶክተር» ይበላቸው እንጂ ቁስል አሻጊ ድሬሰር ናቸው። «ኪኒን ዋጪ ሲሏት መቀነቷ ላይ ትቋጥርና ትረሳዋለች።»

ይታየሽ አንገቷን ደፋች። አራተኛ ልጇን ስትወልድ ደም ፈሷት ለጥቂት ነው የተረፈችው። የወሊድ መከላከያውን የጀመረችውም ለዚያ ነበር። አሁን ግን የሦስት ወር እርጉዝ ናት።

«አልረሳሁም ጌታዬ። በልደታ ጀመርኩ፣ በማርያም ሃያ አንዱን ጨረስኩ። ሰባት ቀን አርፌ በባለወልድ ሌላውን ከፈትኩ። የትኛውን ታቦት ዘለልኩ?»

«ኪኒን በታቦት!» ብለው ሳቁ።

የይታየሽ ታናሽ እህት ጥሩሐረግ ከደሴ ትምህርት ቤት ለፋሲካ ከመጣች ሳምንቷ ነው። ጥርሷን ነከሰች። መምህሯ ያስተማራት ትዝ አላት፤ በየቀኑ ማስተኛ የሚሰጣት አይጥ ውላ አድራ ቶሎ መንቃት ትጀምራለች። ጉበቷ ውስጥ ያሉት ኢንዛይሞች ይበዙና መድኃኒቱን ቶሎ ይሰባብሩታል። እሱን ብቻም አይደለም፤ ሌላ መድኃኒትም፣ የወሊድ ኪኒን የሚሠራበት የሴት ሆርሞንም ካገኙ አይምሩም። ይታየሽ ደግሞ ለሚጥል በሽታዋ በየቀኑ ሉሚናል ትውጣለች። ሉሚናል ማስተኛም ነው።

«ጋሼ፣ ምናልባት ሉሚናሉ ይሆን? ጉበቷ የወሊዱን ኪኒን ሳይሠራ እየፈጨው...»

«ስለ ጉበት ባለሥጋ ቤቱን ጠይቂ! እኔ ሃያ ዓመት መርፌ ስወጋ አንቺ የት ነበርሽ?»

ደጅ ሲወጡ ይታየሽ የሉሚናሉን ብልቃጥ ከመቀነቷ ፈታ ልትወረውረው እጇን አነሳች።

«ጠላቴ ይሄ ነዋ!»

ጥሩሐረግ ክንዷን ለቀም አደረገች። የይታየሽ ክንድ ላይ ያለው የእሳት ጠባሳ መዳፏን ሻከራት፤ ይታየሽ ሉሚናል ሳይኖራት በሽታው ጥሏት ምድጃ ላይ የወደቀች ቀን የተረፈ ነው።

«እትዬ፣ ተይ! እንዳታቋርጪው!»

«አንቺው አይደለሽ ያልሽው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? የአይጥ ወሬ ነው የሰማሁት!» በድሬሰሩ ተናዳ ነበር፤ አሁን በራሷ ባሰባት።

ደብተሯን አውጥታ የሁለቱን መድኃኒት ስም ጻፈች። ከሥሩ ልደታ፣ ማርያም፣ ባለወልድ አለች። በመጨረሻ አንድ ትልቅ የጥያቄ ምልክት።

«ሰኞ ወደ ቆረም በሚሄደው መኪና አብረን እንሳፈራለን። ደሴ ሐኪም እንጠይቃለን።»

«ባሌስ?»

«ጋሽ ምንዋጋውን እኔ አነጋግረዋለሁ» አለች። ምን እንደምትለው ገና አላወቀችም። ብልቃጡን ከእህቷ እጅ ወሰደችና መልሳ የይታየሽ መቀነት ጫፍ ላይ ጠበቅ አድርጋ ቋጠረችው።