ዝም ያላለው ሚኒባስ

የሶስና ሥራ መኪና ዝም ማሰኘት ነው። የሚጮህ ሞተር ይዞ ከተማ ውስጥ መንዳት ከተከለከለ ወዲህ፣ አሮጌ መኪና የቀረው ሁሉ ሳሪስ እሷ ጋራዥ ይመጣል፤ እሷም ሰሚ ቆዳ ትለጥፍለታለች። ሰሚ ቆዳ እንደ ፌስታል የሳሳች ነገር ናት። በሩና ጣሪያው ላይ ከውስጥ ስትለጠፍ የመኪናውን ጩኸት ሰምታ ታጠፋዋለች፤ ሙዚቃ ሲከፈት ደግሞ መኪናው በሙሉ ስፒከር ይሆናል። በቃ።

የዛን ቀን የመጣው ግን ሚኒባስ ነው። ሰማያዊና ነጭ! ሶስና ከልጅነቷ ወዲህ በቅርብ አይታ አታውቅም። ሹፌሩ ጋሽ መኩሪያ መሪውን በሁለት እጃቸው ሙጭጭ አድርገው ገቡ።

"እስከ አስራ ሁለት ሰዓት ካላለቀ የከተማው ሰዎች መኪናዬን ሊጨፈልቁብኝ ነው" አሉ።

"ይደርሳል ጋሼ። አሁንም ሰው ይጭናሉ እንዴ?"

"ማን ይሳፈራል? ሁሉም የየራሱ እንቁላል አለው።"

እንቁላል የሚሏት አንድ ሰው ብቻ የምትይዘዋን፣ ራሷን የምትነዳዋን መኪና ነው። የሶስናም ሰሚ ቆዳዋን ለብሳ ደጅ ላይ ቆማለች።

"ታዲያ ባዶውን ይዘው የት ይሄዳሉ?"

"መስመሬን እሠራለኋ። ሳሪስ ስታዲየም፣ ስታዲየም ሳሪስ።"

ሶስና ልትስቅ ብላ ፊታቸውን ስታይ ተወችው።

አሮጌዎቹን ስፒከሮች ከበሩ ፈታች። ወረቀታቸው ተቀዳዷል፣ አንዱ በማስቲሽ ተለጣጥፏል። ቆዳዋን ለጥፋ ጨረሰችና የመኪናውን ድምፅ እንድትለምድ ሞተር አስነሳች። ትንሽ እንደቆየ የቆዳዋ መቆጣጠሪያ ስክሪን ቀላ።

ሰው እየተናገረ ነው። ይጠብቁ።

ሰሚ ቆዳ የሰው ድምፅ አታጠፋም፤ ሰው ካወራ ሥራዋን አቁማ ትጠብቃለች።

"ጋሼ፣ አንዴ አይናገሩ።"

"ትንፍሽ አላልኩም እኮ!"

ደግማ ሞከረች፤ ያው ነው። ጋሽ መኩሪያን አስወርዳ ብቻዋን ትንፋሿን ውጣ ሞከረች። ሰው እየተናገረ ነው። ይጠብቁ። ከዛ ጆሮዋን ቆርቆሮው ላይ እየለጠፈች ዞረች። ተንሸራታቹ በር አጠገብ ስትደርስ አገኘችው። ጧ ጧ። ዝም። ጧ ጧ። ቆርቆሮው መዳፍ በሚያክል ቦታ ጎድጉዷል፣ ብሎኑም ላልቷል፤ ሞተሩ ሲያንቀጠቅጠው ይመታል።

"ምን መትቶት ነው እንዲህ የሆነው?"

"ጫንያለው።"

"ማነው ጫንያለው?"

"ረዳቴ ነዋ። ሰው ሲሞላለት በሩን በመዳፉ ሁለቴ ይመታዋል፣ ያኔ እነሳለሁ። እሱ ሳይመታ ማርሽ አስገብቼ አላውቅም።" ፈገግ አሉ። "ሌባ ነበር። መልስ ስጥ ቢሉት አይሰማም። ነፍሱን ይማረው።"

ሶስና የብሎን ቁልፍ አነሳች። "ብሎኑን አንዴ ባጠብቀው ያልቃል።"

ጋሽ መኩሪያ ጉድጓዱ ላይ እጃቸውን ጫኑ። "እሱንማ ከምታጠብቂው ይጨፍልቁት።"

"ጋሼ! ካልጠበቀ ፍተሻውን አያልፍም እኮ።"

"ሰምቻለሁ የኔ ልጅ። እጄን ግን አላነሳም።"

ፀሐይዋ ወደ ጦር ኃይሎች ዘቅዝቃለች። ሶስና ቁልፉን እንደያዘች ቆመች። መጨረሻ ላይ ለምን ሰው እንዳለችው ቆዳዋን ጠየቀቻት። መልሱ ስክሪኑ ላይ መጣ።

ማሽን እኩል ይመታል። ይሄ አንዴ ይፈጥናል፣ አንዴ ይዘገያል። ሰው ነው?

ከስር ሁለት ምርጫ አለ፤ ነው፣ አይደለም። "አይደለም" ካለች ቆዳዋ ጧ ጧውን ከሌላው ጩኸት ጋር ታጠፋዋለች። ሶስና ቁልፉን አስቀመጠችና "ነው" የሚለውን ነካች።

ስሙ?

ጫንያለው፣ ብላ ጻፈች።

የሞተሩ ጩኸት ጥፍት አለ። የበሩ መንኳኳት፣ የመቀመጫው ሲጥሲጥታ፣ ሁሉም። የቀረው ጧ ጧ ብቻ ነው። ስክሪኑ አረንጓዴ ሆነ። አልፏል። ሹፌር፣ መኩሪያ። አብሮ ያለ ሰው፣ ጫንያለው።

ጋሽ መኩሪያ ለረጅም ጊዜ አነበቡት። ከዛ መሪያቸው ላይ ወጥተው ተቀመጡ።

"ሙዚቃውንስ አይሞክሩትም? ድምፁ ጉድ ነው እኮ!"

"ሌላ ቀን።"

ጧ ጧ።

"እሺ ሰማሁ፣ ምን ያጣድፍሃል!" ብለው ማርሽ አስገቡ። ሚኒባሱ ኮሽ ሳይል ወጣ።

ሶስና ጋራዡን ዘግታ እንቁላሏ ውስጥ ገባች። ስትገባ ማንም አላናገራትም፣ መንገድ ላይም ማንም አላናገራትም። እንቁላሏ ቤቷ በር ላይ ቆመች፣ ሶስና ወረደች፣ በሩ ተዘጋ። እንቁላሏ ሁልጊዜ ወዲያው ነው የምትሄደው። ሶስና ምን እንደነካት እንጃ፣ ከመሄዷ በፊት ጎኗን በመዳፏ መታቻት። ጧ ጧ።

ሂጂ ማለቷ ነበር።

እንቁላሏ ግን አልሄደችም። መስታወቷ ላይ ጽሑፍ በራ፤ ሰው እየተናገረ ነው። ይጠብቁ።

ሶስና እጇን ሳታነሳ ቆመች። መኪናዋም ባዶዋን፣ በሯን ዘግታ፣ ቀጥሎ የሚመጣውን ቃል ትጠብቃለች።