ጋሽ ፍሬን ከእህቱ የደበቀው ሕመም

እኛ ስለ አንጀት ማውራት እንወዳለን። ያሳዘነን ሰው አንጀታችንን ይበላዋል፤ ደስ ያሰኘን ያርሰዋል፤ ችግር ሲመጣ ደግሞ አንጀታችንን አስረን እናልፋለን። ራሱ አንጀቱ የታመመ ዕለት ግን አፋችን ይለጎማል። ጥርሴን፣ ራሴን፣ ወገቤን እያልን በአደባባይ የምናማርር ሰዎች፣ ከዚያ ዝቅ ያለውን ሕመም እንደ ወንጀል እንሸሽገዋለን። በዚህ ዝምታ ምክንያት ሁለት ሰው ሊያጣ ለጥቂት ስለተረፈ አንድ ቤተሰብ እነግራችኋለሁ።

ሰውየው መኪና መንዳት የሚያስተምር አሰልጣኝ ነው። ተማሪዎቹ ጋሽ ፍሬን ይሉታል፤ ቀኑን ሙሉ ከአፉ የማይጠፋው ቃል እሱ ነውና። "ፍሬን፣ ልጄ፣ ፍሬን። ግድግዳው አይሸሽም፤ መቆም ያለብሽ አንቺ ነሽ" ይላል፣ ድምፁን ከፍ ሳያደርግ። በትንሿ የማሰልጠኛ መኪና ውስጥ ከተማሪው ጎን ተቀምጦ ሲቀልድ፣ የሚንቀጠቀጥ እግር እንኳ ይረጋጋል።

ሽንት ቤት ደም ያየ ጊዜ አልደነገጠም። ተቀምጦ የሚውል ሰው ኪንታሮት ቢይዘው ምን ይገርማል ብሎ ከፋርማሲ ቅባት ገዛ። ለታናሽ እህቱም በስልክ እየሳቀ "የሹፌር በሽታ ያዘኝ" አላት። ቅባቱ ሲያልቅ ሌላ ገዛ። ሱሪው ሲሰፋው ቀበቶውን አጠበቀ። ወራት እንዲህ አለፉ። ባለቤቱ መክራው መክራው ሲደክማት፣ "ነገ ሐኪም ቤት ካልሄድክ እህትህን ነው የምጠራት" አለችው። እህቱ የሒሳብ አስተማሪ ናት፤ ታናሽ ብትሆንም ቤተሰቡ በሙሉ ይፈራታል። በማግስቱ ሄደ።

ኪንታሮት አልነበረም። የትልቁ አንጀት መጨረሻ ላይ የበቀለ ካንሰር ነበር። ደግነቱ ወደ ሌላ ቦታ አልተሰራጨም፤ በቀዶ ሕክምና ሙሉ በሙሉ ወጣ። ነገር ግን የአንጀቱ ጫፍ አብሮ ስለተቆረጠ፣ ከእንግዲህ ሰገራው የሚወጣው በሆዱ ግራ በኩል በተከፈተለት ትንሽ ቀዳዳ ሆነ። እዚያ ላይ የሚለጠፍ ከረጢት ይቀበለዋል።

ጋሽ ፍሬንን ከሕመሙ ይልቅ ከረጢቱ ገደለው። "ማንም እንዳይሰማ" አላት ባለቤቱን። "ለጠየቀሽ ሁሉ ጨጓራ በይ። ለእህቴም ቢሆን። ማይልኝ።" ማለች። እህቱ ሆስፒታል ልትጠይቀው ስትመጣ ብርድ ልብሱን እስከ ደረቱ ስቦ፣ "ጨጓራዬን ነው ያስተካከሉልኝ፤ ኪንታሮቱም በቅባቱ ድኗል" ብሎ አሰናበታት።

እዚያው ሆስፒታል ውስጥ በአንጀት ሕሙማን እንክብካቤ ልዩ ሥልጠና የወሰደች አንዲት ነርስ ነበረች። ሲወጣ ከረጢቱ እንዴት እንደሚለጠፍና እንደሚቀየር ያሳየችው እሷ ናት። "በየጊዜው እየመጡ ያሳዩኛል፤ ያልተመቸዎት ነገር ካለ ደግሞ ይደውሉልኝ" ብላው ነበር። እሱ ግን ሰው ዳግመኛ ሆዱን እንዲያይበት አልፈለገም። ቀረ።

ቤት ውስጥ ኑሮው ጠበበ። ሳሎን ሶፋ ላይ መተኛት ጀመረ። ከረጢቱ እንዳይሞላ ብሎ ምግብ ቀነሰ። በዚያም ላይ ያፈሳል፤ ዙሪያው ያለው ቆዳ ቀልቶ ይለበልበዋል። የሥራ ባልደረቦቹ ሊጠይቁት ሲመጡ ባለቤቱ በር ላይ ቆማ "ተኝቷል" ትላለች። ከሰው መዋል ቀርቶ ራሱን በመስታወት ማየት አስጠላው።

አንድ ቀን ነርሷ ራሷ ደወለች። ባለቤቱ ስልኩን አነሳች። እሱ ከሶፋው ላይ ሆኖ "ደህና ነው በያት" ብሎ በእጁ ምልክት ሰጣት።

"ደህና ነው፣ ሲስተር።"

"እሱ ደህና ከሆነ እርስዎ ለምን ያለቅሳሉ?" አለች ነርሷ።

በማግስቱ ሁለቱም ነርሷ ክፍል ተቀምጠው ነበር። ሰፊ ክፍል አይደለም፤ አልጋ፣ መታጠቢያ፣ ሁለት ወንበር፣ በመደርደሪያ ላይ የተለያየ ዓይነት ከረጢት። ነርሷ ጓንት አጥልቃ የተለጠፈውን ቀስ አድርጋ አነሳችና ቆዳውን አየች። ፊቷ አልተለወጠም። እሱ የሚያየው ፊቷን ነበር።

"መለጠፊያውን ሲቆርጡ ቀዳዳውን በምን ልክ ነው የሚያወጡት?"

"መጀመሪያ ባሳዩኝ ልክ።"

"ያኔ እኮ የሆድዎ ቀዳዳ አብጦ ነበር፤ አሁን ጎድሏል። የከሳ ሰው ልብስ እንደሚሰፋው ይሄም ሰፍቶዎታል። ሰገራው በክፍተቱ እየገባ ነው ቆዳዎን ያቃጠለው። የእርስዎ ጥፋት አይደለም፤ መለካት የኔ ሥራ ነበር፤ እርስዎ ደግሞ ጠፉብኝ።"

እንደገና ለካችው። ቆዳውን በለብ ያለ ውሃ አጥባ አደረቀች፤ ቁስሉ ላይ የመድኃኒት ዱቄት ነሰነሰች፤ አዲሱን ከረጢት ልክክ አድርጋ ለጠፈችና ሙቀት እንዲይዘው መዳፏን ጫነችበት። ማቃጠሉ ወዲያው በረድ ሲል ጋሽ ፍሬን ሳያስበው በረጅሙ ተነፈሰ።

"ምግብስ?" አለችው።

"ቀንሻለሁ።"

"ከረጢቱን ለመቅጣት?"

የሸሚዙን ጫፍ ወደ ታች ሳበ።

"ሥራስ መቼ ይመለሳሉ?"

"እንዴት ብዬ፣ ሲስተር? በዚያች ጠባብ መኪና ውስጥ ሰው አጠገብ ተቀምጬ? ሽታውስ?"

"ከረጢቱ ሽታ የሚይዝ ማጣሪያ አለው። በደንብ ከተለጠፈ አይሸትም። አጠገብዎ ተቀምጬ አሁን ምን እንደሚሸተኝ ልንገርዎት?"

"ምን?" አለ በፍርሃት።

"የሽቶዎ ብዛት።"

ባለቤቱ አፏን በእጇ ሸፈነች። ነርሷ ወንበሩን ወደ መሃል ስባ፣ "እስቲ መኪና ውስጥ እንደሚቀመጡት ይቀመጡ፤ የመቀመጫ ቀበቶው የሚያርፍበትን ልይ። መሪ እንደያዙ ይሁኑ" አለችው።

"እኔ መሪ አልይዝም። የምይዘው ነፍሴን ነው።"

ከቀዶ ሕክምናው ወዲህ የቀለደው ይሄ የመጀመሪያው ነበር። ሦስቱም ሳቁ። ቀበቶውን ዝቅ አድርጎ ዳሌው ላይ እንዲያሳርፈው አሳየችው። ከዚያ ጓንቷን አውልቃ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

"ወንድም እህት አለዎት?"

"አንዲት እህት።"

"ተመርምራለች?"

"ለምን ትመረመራለች? እሷ ጤነኛ ናት።"

"ይህ በሽታ በአንዳንድ ቤተሰብ ይደጋገማል። አንዱ ሲታመም ወንድምና እህት ሳይዘገዩ መታየት አለባቸው። ይህንን ነግረዋታል?"

"ጨጓራ ነው ያልናት።"

"ለምን?"

ጋሽ ፍሬን ሸሚዙን እየቆለፈ አቀረቀረ። "ሲስተር፣ እኔ ታላቅ ወንድሟ ነኝ። አባታችን ከሞተ ጀምሮ እንደ አባት ነው የምታየኝ። በሆዱ የሚጸዳዳ ወንድም አለኝ እንድትል አልፈልግም። ክብር የሚባል ነገር አለ።"

"እሷ ታማ ለክብሯ ብላ ብትደብቅዎትስ? ደግ አደረግሽ ይሏታል?"

ባለቤቱ የቦርሳዋን ማንገቻ ስትጠቀልል ቆይታ፣ "የምነግርህ ነገር አለ" አለችው። "እህትህ ባለፈው ስትደውል ያንተን ቅባት ስም ጠየቀችኝ።"

"ለምን?"

"'እኔም ደም አየሁ፤ የሹፌር በሽታ ያዘኝ' ብላ ሳቀች። 'ወንድም ጋሼ እንኳ በቅባት ድኗል' አለችኝ። ልነግራት ነበር፤ አስምለኸኛል።"

ጋሽ ፍሬን ቁልፉን ጨርሶ መቆለፍ አቃተው። የራሱ ውሸት ዞሮ እህቱ ቤት ገብቶ ተቀምጧል። ከዚያ ክፍል ወጥቶ ወደ ቤቱ አልሄደም፤ በቀጥታ እህቱ ጋ ሄደ።

እህቱ የተማሪዎቿን ፈተና እያረመች ነበር። ስታየው ደንግጣ ተነሳች።

"ወንድም ጋሼ፣ ምን ሆንክ?"

"ተቀመጪ። ጨጓራ አልነበረም፣ ኪንታሮትም አልነበረም። ካንሰር ነው የወጣልኝ፤ አንጀቴ ላይ። እንዳንቺው ደም ነበር የሚያሳየኝ።" ሌላ ቃል ስላላገኘ ሸሚዙን ገለጠ።

እህቱ ከረጢቱን አየች። ከዚያ እንባዋ ወረደ።

"ይሄንን ሁሉ ብቻህን ቻልከው? እኔ የማን ነኝ?"

"አፈርኩ።"

"እኔም አፍሬ ነው" አለች ቀስ ብላ። "ምርመራው እንዴት እንደሚደረግ ሰምቻለሁ። ከሚያዩኝ ሞት ይሻለኛል ብዬ ነው ቅባቱን የያዝኩት።"

"ሞቱንስ ለጥቂት አየሁት፤ አይሻልም" አላት።

ነርሷ እህቱንም በዚያው ወንበር ላይ አስቀምጣ አንድ በአንድ አስረዳቻት፤ አንጀት የሚያጸዳውን መድኃኒት ከዋዜማው ጀምሮ እንደምትጠጣ፣ ሕመም እንዳይሰማት ማስታገሻ እንደሚሰጣት፣ ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ ውስጡን እንደሚያይ፣ ገላዋም እንደሚሸፈን። በምርመራው ዕለት ወንድሟ ኮሪደሩ ላይ ሲንጎራደድ ዋለ። ሌላ ሰው ሲያሽከረክር እያየ እንኳ እንዲህ ፈርቶ አያውቅም።

ሐኪሙ አንጀቷ ውስጥ የበቀለ እባጭ አገኘና እዚያው ቆርጦ አወጣው። የላቦራቶሪው ውጤት በመጣ ጊዜ ነርሷ ለሁለቱም አነበበችላቸው፤ ገና ወደ ካንሰር አልተለወጠም። "ችላ ብትዪው ኖሮ ጊዜ ይለውጠው ነበር" አለቻት። "አሁን ግን ወጥቷል። እየተመላለስሽ መታየት ብቻ ነው የሚቀርሽ።" እህትና ወንድም ኮሪደሩ ላይ ተቃቅፈው ቆሙ። ከረጢቱ በመሃላቸው ነበር፤ ማንም አላሰበውም።

ጋሽ ፍሬን ወደ ሥራው ተመልሷል። ምግብ ይበላል፣ በአልጋው ይተኛል። ሰው ሲጠይቀው "አንጀቴን ነው የታመምኩት" ይላል፤ ሰማይም አልተደፋም፣ የራቀው ወዳጅም የለም።

እናንተም ልብ በሉ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ በሽታውን ከቤተሰቡ የደበቀ ግን የሌላውንም መድኃኒት ነው የሚደብቀው። ደም ያየ ሰው በግምት ቅባት አይግዛ፣ ይታይ። የታመመም ለወንድም ለእህቱ ይናገር። ከረጢት የያዘ ሰው ደግሞ ቤቱ አይታሰር፤ ይህንኑ ብለው የተማሩ፣ ዓይተው የማይጸየፉ ነርሶች አሉ።

እህቱ በአስተማሪዎች ማረፊያ ክፍል ለባልደረቦቿ ይህንን ሁሉ ድምፅዋን ሳትቀንስ ነገረቻቸው። አንዳንዱ ሻዩን እያማሰለ አንገቱን ደፋ፤ አንዱም "ምሳ ሰዓት ላይ?" ብሎ አጉረመረመ። ደወል ተደውሎ ሁሉም ወደየክፍሉ ሲበተን፣ የጂኦግራፊ አስተማሪዋ ከኋላ ደርሳ ክንዷን ያዘችና፣ "ያቺ ሲስተር የምትገኘው መቼ መቼ ነው?" አለቻት በሹክሹክታ።

እህቱ ምክንያቱን አልጠየቀቻትም። "ነገ ጠዋት ክፍል የለኝም፤ አብረን እንሄዳለን" አለቻት።